ለማንም እንዳትሰጪ

የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ

ጾሙ ዛሬ ገባ። ይህን ደብተር ለሰበካ ጉባኤው ቢሮ ገዝቼው ነበር፤ መስመሩ ሰፊ ስለሆነ ለመዝገብ አይመችም ብዬ ለራሴ አስቀረሁት። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጸሐፊነት የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ስለ ራሴ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ደባርቅ ላይ ከኔ የበለጠ የሰው ስም የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት ስም፣ ሁሉንም በቅጽ ሞልቼ በብረት ሳጥን ቆልፌበታለሁ። ቤቴ ስገባ ግን «ሐመልማል» ብሎ የሚጠራኝ የለም። ለማዘን ብዬ አይደለም ይህን የጻፍኩት፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ዛሬ አንድ እንግዳ ሰው ደወለ። ቃለ አብ ይባላል። ጎንደር ሆኖ ገዳማትን የሚረዳ ማኅበር ያስተባብራል። ለሰሙነ ሕማማት ሱባኤ የሚገቡ ምእመናንን ስም እየሰበሰበ ነው። ቁጥሬን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅሁትም፤ የቢሮው በር ላይ ተለጥፏል። ድምፁ ረጋ ያለ ነው። ሊዘጋ ሲል «እርስዎስ በርትተዋል?» አለኝ። እስከዚያ የምናወራው ስለ ሌሎች ሰዎች ነበር።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። አስተዳዳሪያችን አባ ሰይፈ ሥላሴ መዝገቡ ተጠናቆ እስከ ደብረ ዘይት በዓል ድረስ ይላክ ብለዋል። የመታወቂያ ኮፒ ያልሰጡ ሠላሳ አንድ ሰዎች አሉ። ዋነኛው አለነ፣ ባለ ባጃጁ። ከገና ጀምሮ «ነገ» ይለኛል። በቴሌግራም ጻፍኩለት፦ «አለነ፣ መታወቂያህን በፊትም በጀርባም ፎቶ አንሥተህ ላክ። አሁንም ዛሬ ነገ ብትል ከመዝገብ እሰርዝሃለሁ።» አልሰርዘውም። ግን ትንሽ ይፍራ።

ቃለ አብ ደውሎ ነበር። የሥራ ጉዳይ። ሃያ ሦስት ደቂቃ።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ከቅዳሴ መልስ፣ ልክ ዐሥር ሰዓት ላይ ይደውላል። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጅ የለውም። እኔም ባሌ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወርዶ እዚያው ሌላ አግብቶ እንደቀረ ነገርኩት። ለሰው ስናገረው ሁልጊዜ ቀልድ አስመስዬ ነው የማወራው። እሱ ግን አልሳቀም። «ከባድ ነው» አለ።

አንቺ ልበልሽ ወይ ብሎ አስፈቀደኝ። እንደፈለጉ አልኩ። እኔ እሱን አንተ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ወደ ሱባኤው የሚሄዱትን ስም ዝርዝር እስካሁን አልጠየቀኝም። እኔም አላስታወስኩትም።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

የክርስትና ስም ለሁሉ አይነገርም። ለንስሐ አባት ይነገራል፣ ቄሱ በጸሎት ይጠሩታል፣ ስንሞት በፍትሐት ይነሣል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ስሞች ጎረቤት ቢለምነኝ፣ ዘመድ ቢቆጣኝ አላወጣም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴትዮ የምራቷን ስም ለማወቅ በግ ላምጣልሽ ስትለኝ ከቢሮ አስወጥቻታለሁ።

ዛሬ ቃለ አብ «በጸሎት ስምሽን እየጠራሁ ላስብሽ» አለኝ። ነገርኩት።

እዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም። ማን እንደሚያነበው አይታወቅም።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ከሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ቢሮው በር ድረስ መጥቷል። ስልኬን ሠርካለም ሱቅ ወስጄ በጄኔሬተር አስሞላሁ። ሠርካለም ስልክ ትጠግናለች፤ አፏ አያርፍም። «አንቺ ሰሞኑን ስልክሽ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ማን ጋር ስታወሪ ነው?» አለችኝ። ባትሪው አርጅቶ ነው አልኳት።

ለገዳሙ መግቢያ ፈቃድ መታወቂያዬን በሁለቱም ገጽ፣ የእናቴን ሙሉ ስም፣ የተወለድኩበትን ቀን ላክሁለት። ሰሙነ ሕማማትን እዚያ እንውላለን። እሱም ይመጣል።

ጫማ ገዛሁ። ለመንገዱ ነው።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ዛሬ የመግቢያ ቁጥር ደረሰኝ፤ ስድስት አኃዝ፣ በአጭር መልእክት። ወዲያው ቃለ አብ ደወለ። ዝርዝሩ ሊዘጋ ነው፣ ቶሎ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። ከቁጥሩ ሥር እንግሊዝኛ ነበረበት፦ ለማንም እንዳትሰጪ ይላል። ያን ያህል እንግሊዝኛ አያቅተኝም። አይቼዋለሁ። እሱን ከማንም ጋር ስላልቆጠርኩት ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ቴሌግራሙ ከራሱ አስወጣኝ። ኔትወርክ ነው።

ቃለ አብ አልደወለም።

መጋቢት 9

አልደወለም።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ስልኩ ዝግ ነው። ቀድሞ ሱባኤ ገብቶ ይሆናል። እንደ እሱ ያለ ሰው ጾሙ ሲጠና ስልክ ቢያጠፋ አይፈረድበትም። ታሞስ እንደሆነ? ብቻውን የሚኖር ሰው ቢታመም ውኃ የሚያቀብለው የለም። እኔ አውቀዋለሁ፤ ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ተኝቼ በሬን ያንኳኳ አልነበረም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

ቴሌግራሜ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። እኔ የይለፍ ቃል አውጥቼ አላውቅም። ሠርካለም አገላብጣ አየችውና «ሰው ገብቶበታል። በስልክሽ የመጣ ቁጥር ለሰው ሰጥተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አልሰጠሁም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ሳይሰጡት አይገባም'ኮ።»

«አልሰጠሁም አልኩሽ!» ጮህኩባት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዞሩ።

አባ ሰይፈ ሥላሴ የምእመናኑን መልእክት ለምን እንዳላስተላለፍኩ ጠየቁኝ። ስልኬ ተበላሽቷል አልኳቸው። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፣ ያውም በጾም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ገበያ መሐል አለነ ባጃጁን አቁሞ «እትዬ ሐመልማል! ሰኞ ዕለት መታወቂያውን ልኬልዎታለሁ'ኮ። እንግዲህ አይሰርዙኝም!» አለኝ። ጥርስ በጥርስ ሆኖ።

ሰኞ መጋቢት 8 ነው። እኔን ቴሌግራሙ ያስወጣኝ እሑድ ነው።

«ደርሶኛል» አልኩት። ምን ልበል? በገበያ መሐል ቴሌግራሜን ሰው ወስዶታል ልበለው? ማን ወሰደው ብሎ ቢጠይቀኝስ?

መጋቢት 19፣ ዓርብ

አለነን ፖሊስ ወሰደው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንድን የእህል ነጋዴ አንድ ሰው ደንበኛው መስሎ ደውሎለት ብር አስልኮታል አሉ። የተደወለበት መስመር የወጣው በአለነ ስም፣ ብሩ የገባበት ሒሳብ የተከፈተው በአለነ መታወቂያ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተር ፀጋው ቢሮ መጡ። አባ ሰይፈ ሥላሴም አብረው ተቀመጡ። ኢንስፔክተሩ ትሑት ሰው ናቸው፤ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጁ መታወቂያዬን የላክሁት ለሰበካ ጉባኤዋ ጸሐፊ ብቻ ነው ይላል። ላኪ ብላ የጻፈችልኝም እሷ ናት ይላል። ስልኩን ብናየው የርስዎም የሱም መልእክት የለበትም። ጠይቀውት ነበር?»

አባ እያዩኝ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እምነት ሲጥልብኝ ያየሁት ፊት።

«በስልክ መታወቂያ አልጠይቅም» አልኩ። «እኔ ጋ የደረሰ ነገር የለም።» ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቴሌግራሙ ባዶ ነው፤ የገባበት ሰው ከአለነም ስልክ አጥፍቶታል፤ ምን ያገኛሉ።

«ስልክዎ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ያውቃል?»

«ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።»

ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። ስልኩ ከእጄ አልወጣም።

አባ ሲወጡ «እኔም ብዬ ነበር፤ ሐመልማል እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም» አሉ።

መጋቢት 20

አልበላሁም። ቁርስም ምሳም። ጾም ነው ይላሉ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

የአለነ እናት እማማ በለጠች ቢሮ መጡ። ስንቅ ጣቢያ አድርሰው ሲመለሱ ነው። ጊች እያሉ ገብስ ዘርተው በቅሎ አከራይተው የኖሩ ሴት ናቸው፤ መንደሩ ለፓርኩ ተብሎ ሲነሣ በቅሎዎቹን ሸጠው ለልጃቸው ባጃጁን ገዙለት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

«ልጄ፣ ሰዉ ሁሉ ጽፈት ላይ ሐመልማልን የሚያህል የለም ይለኛል። ማመልከቻ ጣፊልኝ። የኔ ልጅ የሰው ገንዘብ አይነካም። ከአፈር ላይ የወደቀ ቢያገኝ ባለቤቱን ሲፈልግ ነው የሚውል፣ በቁስቋም!»

ጻፍኩላቸው። አንድ ገጽ ተኩል። የአለነን ጠባይ፣ የእናቱን ብቸኝነት፣ ከጊች መነሣታቸውን፣ ሁሉንም አሳምሬ ጻፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም። ሳነብላቸው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትጎድለዋለች፤ እሷን እኔ ነኝ የማውቃት።

ሲሄዱ ከመቀነታቸው የቋጠሩትን ቆሎ ጠረጴዛዬ ላይ አራገፉልኝ። አልቀበልም ብል «ምነው፣ ድሃ ናት ብለሽ ነው?» አሉኝ። ቆሎው አሁንም እዚያው ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ንስሐ ልገባ አባ ሰይፈ ሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። እንደምዋሽ፣ በሰው እንደምፈርድ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓቱ በፊት እንደቀመስኩ ተናገርኩ።

«ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም፣ አባታችን።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉት። ቀዝቃዛ ነበር።

እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምናለሁ፦ ፖሊስ ይመርምር፤ እውነቱ ይወጣል፤ እኔ ብናገር ምን ይጨምራል? ግን የሚጨምረውን አውቃለሁ። ልጁ የሚለው ሁሉ ልክ ነው የሚል ሰው ከኔ በቀር የለም። ብናገር ደግሞ ቁጥሩን ለማን ሰጠሽው ይባላል። ሰውየውን የት አገኘሽው ይባላል። አርባ አራት ዓመት የሞላት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ፣ መልኩን አይታው ከማታውቀው ሰው ጋር በጾም ከቅዳሴ መልስ… በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ የማያወራው አይኖርም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ይህን መጻፍ አልፈልግም፤ ግን ልጻፈው። ዛሬ ለቃለ አብ መልእክት ላክሁለት። ሌባ አላልኩትም። ልጁ ታስሯል አላልኩትም። «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» ነው ያልኩት።

አልደረሰውም። ስልኩ እንደተዘጋ ነው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

እማማ በለጠች ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቀው ያዙኝ። ዘንባባ ግንባራቸው ላይ አስረዋል። ፊታቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆኗል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ። ጣቢያ የሚመላለሱ ሰዎች 'ይመን፤ ያመነ ሰው ይቀልለታል' አሉኝ። እንዲያው ልንገረውና አምኛለሁ ይበል? ባጃጁን ሸጨ ለነጋዴው እከፍላለሁ። ታርቀን ለፋሲካ ቤቱ ይግባልኝ። ብርዱ ደረቱን ይዞታል፣ ያስላል።»

«ያላደረገውን?» አልኳቸው።

«ያላደረገውን። ምን ላድርግ? ምስክር የለው። ሮብ ስንቅ ሳደርስ እነግረዋለሁ።»

እንዳይነግሩት ለመንኳቸው። ለምን አሉኝ። «ቆይ፣ እስከ ሮብ ይቆዩኝ» ብቻ አልኩ።

«እሽ፣ አንች ካልሽኝ» አሉኝ።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት

ስግደት ላይ ዋልኩ። ጉልበቴ እንጂ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ስንወጣ አባን ተከትዬ ሄድኩና በቆሙበት ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁሉንም። ድምፁን፣ ዐሥር ሰዓትን፣ ቁጥሩን፣ ለፖሊስ ያልኩትን፣ ጫማውን እንኳ ሳይቀር።

አባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «ያን ቀን ስጠይቅሽ ሌላ የለም አልሽኝ» አሉ።

«አዎ፣ አባታችን። ይፍቱኝ።»

«በዚህ ሳምንት ይፍቱኝ አይባልም፣ አይፈታም። አንቺ ታውቂያለሽ። ቢፈታም ያንቺ ከእኔ ዘንድ አያልቅም። ልጁ ያለበት ሂጂ።» መስቀሉን አላወጡትም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሊባርኩኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። የሳጥኑን ቁልፍ ነበር የፈለጉት።

ሰጠኋቸው።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ጣቢያ ሦስት ሰዓት ገብቼ ስድስት ሰዓት ወጣሁ።

ኢንስፔክተር ፀጋው ጽፈው ሲያነቡልኝ አንዳንዱ ቃል የኔ አይመስልም ነበር። አጭሩ መልእክት ከነቀኑ ስልኬ ላይ አለ፤ ቃለ አብ የደወለባቸው ሰዓቶችም አሉ። ለአለነ መታወቂያ ላክ ብዬ እንደጻፍኩ፣ ገበያ መሐል «ደርሶኛል» እንዳልኩት ተናገርኩ። ኢንስፔክተሩ የቃለ አብን ስልክ ቁጥር ይዘው ወደ ሌላ ክፍል ሄዱና አንድ ፋይል ይዘው ተመለሱ።

«ባለፈው ክረምት ዳባት ላይ አንዲት ሴት በዚሁ ቁጥር ላይ አመልክታ ነበር። ስሙ ያኔ ሌላ ነው። አይዞዎት፣ እርስዎ የመጀመሪያዋ አይደሉም።»

ሊያጽናኑኝ ነው። እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ ያ ነው ያመመኝ። እሷንም ዐሥር ሰዓት ላይ ይደውልላት ነበር? በርትተሻል ወይ ይላት ነበር? ይህን ለመጠየቅ አፌ ድረስ መጥቶ መለስኩት።

«መጀመሪያ የሰጡት ቃል ሐሰት መሆኑ ራሱን ችሎ ያስጠይቅዎታል፤ ይህን ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ከሰውየው ጋር የነበረዎት ግንኙነት?» እሳቸው ቀድመውኝ «የሥራ ግንኙነት ልበለው» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ደግ ሰው ናቸው። ሊሸፍኑኝ ፈልገው ነው።

«አይደለም፣ ይሰርዙት» አልኩ። «እወደው ነበር። እንደዚያ ብለው ይጻፉ።»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ሰርዘው ጻፉት። ፈረምኩ።

ለሰው የተናገርኩት የመጀመሪያዬ ነው። ለእሱም ብዬው አላውቅም።

እማማ በለጠች ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንዱ ፖሊስ ቀድሞ ነግሯቸዋል መሰለኝ፣ እየሮጡ መጥተው እጄን ሳሙኝ። «መሰከርሽለት አሉኝ! መሰከርሽለት!» ላስረዳቸው ስል ወደ ኢንስፔክተሩ ሮጡ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

አለነ ተፈታ።

አባ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ እንድታርፊ ተወስኗል የሚል ደብዳቤ ላኩልኝ። በአዲስ ሰው እጅ ጽሕፈት ነው። ቀኑን መጻፍ ረስቷል።

ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አደርኩ። ከሴቶቹ መሐል ቦታ የሰጠኝ አለ፣ ያልሰጠኝም አለ። ወሬው ደርሷል። ሠርካለም ብቻ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የባጃጅ ድምፅ በሬ ላይ ቆመ። አለነ ነው። ከስቷል፤ ያስላል።

«እናቴ 'ሳትይዛት እንዳትመጣ' ብላኛለች» አለ። አሳፍሮኝ እስከ ቤታቸው ነዳ። እሱ ያውቃል። «ደርሶኛል» ያልኩት እሱን ነው።

ቤቱ ሞልቷል፤ ሰባት ስምንት ጎረቤት ይሆናል። እማማ በለጠች ከሁሉ በላይ አስቀመጡኝ። ከበጉ መጀመሪያ ለእኔ ቆረሱልኝ። ለጎረቤቶቻቸው «ይችውላችሁ፣ ልጄን ያስፈታችልኝ!» እያሉ ተናገሩ፤ ሥራዋን አጥታ፣ ስሟን አጥታ ለአንድ ድሃ ልጅ የመሰከረች ሴት እያሉ። ጎረቤቱ እግዚአብሔር ይስጥሽ ይለኛል። አለነ ትሪውን እያየ ነው። አይበላም።

ለእናቱ አልነገራቸውም። ደስታቸውን እንዳይወስድባቸው ነው።

ዝም ብዬ በልቼ ልሄድ እችል ነበር። በዓሉ ያልፋል፣ በየዓመቱ ይጠሩኛል፣ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ይኖረኛል። ይህን ሁሉ ጉርሻው እጄ ላይ እንዳለ አሰብኩት። እውነቱን ልጻፍና፣ በጣም አሰብኩት።

«እማማ» አልኩ፣ «ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ። መታወቂያውን የጠየቅሁት እኔ፣ ለፖሊስ አልጠየቅሁም ያልኩትም እኔ። ማመልከቻውን ስጽፍልዎ አውቅ ነበር። ዐሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አውቅ ነበር።»

እማማ በለጠች ልጃቸውን አዩት፤ አለነ አላስተባበለም። እኔን አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ታዲያ ይኸን» አሉ በቀስታ፣ «ይኸን ዛሬ ባትነግሪኝ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

እንጀራው ላይ ያለውን እጃቸውን ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። ነጠላዬን አነሣሁ። አለነ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝና እስክወጣ ያዘልኝ።

በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ በሙሉ በየቤቱ ሳቅ ይሰማል። ይህን ስጽፍ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፋሲካው አላለቀም።